የሺሎንግ ማሰሮ

ሳይዪን በቀላሉ የምትጸየፍ ሴት አልነበረችም። ደቡብ ቻይና ውስጥ፣ ከጋንጆ በስተደቡብ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ገበያው ጥግ ላይ የአሳማ አንጀት እያጠበች ነው ያረጀችው። ሌላው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እሷ እዚያው ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብላ ሩዟን ትበላ ነበር። «ሽታ እንደሆነ ይታጠባል» ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ኮረብታ ላይ ተደፍታ ካስመለሳት፣ ነገሩ ምን ያህል ቢከፋ ነው በሉ።

ባሏ ጆንግ ሺሎንግ ያንኑ ኮረብታ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። ያኔ ጠያቂ አልነበረም። አካፋ ያለው ሁሉ ጉድጓድ ይምስና የማዳበሪያ ጨው በውሃ በጥብጦ ያንቆረቁርበታል። ኮረብታው በግርጌው ነጭ ጭማቂ ያወጣል፤ ጭማቂው ይረጋል፣ ዝቃጩ እሳት ላይ ይጠበሳል፣ ዱቄት ይሆናል። ብርቅዬ ማዕድን የሚሉት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ለማግኔቱ፣ ለኤሌክትሪክ መኪናው፣ ለሚሳኤሉ የሚሆነው። ለመንደሩስ ምን ተረፈ? ዓሣ የማይኖርበት ወንዝ፣ ቅጠሉ የገረጣ የብርቱካን ዛፍና የሺሎንግ ሳል። ሳሉም አንድ ብርዳም ወር ላይ ይዞት ሄደ።

የዚያ አገር ሰዎች፣ ሃካዎቹ፣ ሰው ሲሞትባቸው ሁለቴ ነው የሚቀብሩት። መጀመሪያ አፈር ሥጋውን ይበላል። ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ይወጣል፣ ፀሐይ እንዳያየው ጃንጥላ ተይዞለት ይጸዳል፣ ከዚያ ሰውየው ቁጭ እንዳለ ሆኖ፣ እግሩ ከታች ራሱ ከላይ፣ ማሰሮ ውስጥ ይደረደራል። ማሰሮው ደግሞ ለሁለተኛው ቀብር መልካም ቀን እስኪወጣለት ድረስ ኮረብታው ላይ፣ ዐለት ጥላ ሥር ይቆያል። ሺሎንግን ያወጡት አጥንት ለቃሚው ጋሽ ሊያው ናቸው፤ አንድ በአንድ በሩዝ ጠጅ ያጠበችው ግን ራሷ ሳይዪን ናት።

«በቁሙ ታጠብ ሲሉት ይነጫነጭ ነበር፤ ዛሬስ እሺ አለኝ» ብላ ሽማግሌውን አስቃቸዋለች።

ከዚያ ወዲህ ጠጅና ብርቱካን ይዛ ትወጣና ማሰሮው ፊት ተንበርክካ የገበያውን ወሬ ታወራለታለች። ማን እንደተጋባ፣ ማን እንደተጣላ፣ ማን አንጀት ገዝቶ እንደካዳት። የቀረላት ነገር ቢኖር እሱን በወጉ አሳርፎ መገላገል ብቻ ነበር። መልካም ቀን የሚመርጠው ቀን ቆጣሪም የመከር ወር ላይ ቀን አወጣላት።

በዚህ መሐል ነው ሁለቱ ኃያላን የተያያዙት። አሜሪካ ቀረጥ በቀረጥ ላይ ስትከምር፣ ቤጂንግ «እንግዲያው ማዕድኑ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም» አለች። ይሄን ጊዜ የዱቄቱ ዋጋ ውጭ አገር ሰማይ ነካ። እዚህ ደግሞ በድብቅ የሚያሻግረውን ለመያዝ ድሮን ከኮረብታ ኮረብታ ይዞር ጀመር፤ የጭነት መኪናው ይፈተሻል፣ የአሳማው በረት ይፈተሻል፣ በየግድግዳው የጥቆማ ስልክ ቁጥር ተለጠፈ። አንድም ፈታሽ ያልነካው ነገር ቢኖር የሙታን ማሰሮ ነው። ማን ደፍሮ!

የሺሎንግ ታናሽ ወንድም ሺፋ ድንገት ጨዋ የሆነው ያኔ ነው። እንኳን ለሞተ ለቆመ ሰው ደንታ ያልነበረው ሰውዬ ምን እንደነካው እንጃ፣ በየሳምንቱ ኮረብታ መውጣት አመጣ።

«እትዬ፣ አንቺ ጉልበትሽን ያምሻል፣ አትልፊ። ወንድሜን እኔ አየዋለሁ።»

«ተባረክ» አለችው ምስኪን። ይሄን ሳስብ እኔን ራሴን ያንገሸግሸኛል።

ቀኑ ሲቃረብ ሺፋ እቤቷ ድረስ መጣ። ያቀረበችለትን ቶፉ፣ የአኩሪ አተሩን አይብ፣ እንኳ አልነካም።

«እትዬ፣ ቀብሩን ለሚመጣው ዓመት ብናሻግረው ምን ይመስልሻል?»

«ቀን ቆጣሪው የሰጠውን ቀን? አንተ ማን ሆነህ ነው የምታሻግረው?»

«እኔማ ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ ዝም በል።»

በቀኑ ማለዳ ከጋሽ ሊያው ጋር ወጡ። ሽማግሌው ማሰሮውን አቅፈው ሊያነሱ ቢሉ ንቅንቅ አላለም።

«ውይ! ሳይዪን፣ ባልሽ እዚህ ቁጭ ብሎ ሲበላ ነው እንዴ የከረመው?»

«ያን ሁሉ ብርቱካን ጨርሶት ነዋ!» አለች፤ ሳቀች።

ሽማግሌው ግን እንደገና ሞከሩና ፊታቸው ተለወጠ። «የሰው አጥንት እንዲህ አይከብድም» አሉ። «ሺሎንግ፣ ይቅር በለኝ» ብለው ክዳኑን አነሱ።

ውስጡ ሺሎንግ የለም። በወፍራም ላስቲክ የታሰረ ፈዛዛ ቡኒ ዱቄት ነው፣ እስከ አፉ ጢም ብሎ። ሳይዪን ዱቄቱን ታውቀዋለች፤ ስንት ዘመን ከባሏ ልብስ ላይ ስታራግፈው ኖራለች። ለወራት የተንበረከከችው ለዚህ ነበር። ጠጁን የቀዳችው፣ ወሬዋን ያወራችው፣ አልቅሳም ከሆነ ያለቀሰችው ለዚህ ነው። እዚያው ዐለቱ ሥር ተደፍታ አስመለሳት።

ሺፋ እያለከለከ ደረሰ።

«እትዬ፣ በናትሽ አትጩኺ፣ ድሮን አለ!»

«አጥንቱ የት አለ?»

«አለ፣ አለ። ምን ይሆናል? አንድ ጭነት ብቻ ነው እኮ። ድንበር ይሻገር እንጂ ለወንድሜ የእብነ በረድ መቃብር ነው የማሠራለት።»

«የት ነው ያልኩህ!»

ወደ ብርቱካን መጋዘኑ ወሰዳቸው። ከመድኃኒት መርጫው ጀርባ፣ በሽቦ የታሰረ የማዳበሪያ ጆንያ አለ። ጋሽ ሊያው ፈቱት፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ አንድ አወጡ፣ ሌላ አወጡ፣ ከዚያ ቆሙ።

«ይሄ የአንድ ሰው አይደለም።»

ሺፋ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«ስንት ማሰሮ ነው ያራገፍከው?» አለች ሳይዪን።

«አምስት። ሁሉም የኛው ናቸው እኮ እትዬ፣ ሁሉም የጆንግ ዘር ነው። ቢቀላቀሉስ ምን አለ? ዘመዳሞች አይደሉ?»

«እንትፍ!» አለችበት ፊቱ ላይ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የጥቆማ ቁጥር መታች።

«እትዬ! የባልሽን ሥጋ?»

«ሥጋውንማ አፈር በላው። አጥንቱ ነበር የቀረኝ፤ እሱን አንተ በላኸው።»

መጡ። በሦስት መኪና መጡ። ሺፋን አስረው አስቀመጡና ወደ ዱቄቱ ዞሩ። ጓንት አጠለቁ፣ መዘኑ፣ ፎቶ አነሱ፣ አሸጉ፤ እያንዳንዷን ላስቲክ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ነው መኪናው ላይ ያወጧት። ባዶዎቹን ማሰሮዎች ሳይቀር ለማስረጃ ብለው ጫኑ። አለቅየው የሳይዪንን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«እናቴ፣ ያዳኑት የአገር ሀብት ነው።»

«ይሄስ?» አለች፣ ጆንያውን እያሳየች።

አለቅየው አየው። የደረቀ አጥንት አይሸት፣ እሱ ግን አፍንጫውን ያዘ። «እሱ እኛን አይመለከትም» አለና ወደ መኪናው ገባ። እነዚህንም ሰው በሏቸው! ከሺፋ በምን ተሻሉ?

ከሰዓት በኋላ የሌሎቹ ሙታን ቤተሰቦች ተሰበሰቡ። ሸራ ተነጠፈ፣ ጃንጥላ ተያዘ፣ ጋሽ ሊያው ተንበርክከው ይለዩ ጀመር። የአሮጊቷን በትንሽነቱ ለዩት። እግሩ ተሰብሮ የነበረውን በስብራቱ አወቁት። በወጣትነቷ የሞተችውንም በጥርሷ። ሲጨልም ሁለት ወንዶች ቀሩ፤ አንዱ ሺሎንግ ነው፣ ሌላው ለጆንግ ቤት የተዳሩት የእማማ ዘንግ ልጅ። ዕድሜያቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ሥራቸውም ያው ኮረብታ መቆፈር ነበር።

«ሳይዪን፣ አጥበሽው የለ?» አሉ ጋሽ ሊያው። «በእጅሽ ለዪው እንጂ።»

ሁለቱን ራሶች ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ግንባራቸውን ዳሰሰች፣ ማጅራታቸውን ዳሰሰች፣ ዓይኗን ጨፍና እንደገና ዳሰሰች። እማማ ዘንግ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል።

«በይ ልጄ፣ ያንቺን ያዢ» አሉ። «የተረፈው የኔ ነው። ምንም አልልሽም።»

ማንም የሚከራከራት አልነበረም። አንዱን አንስታ «ይሄ ነው» ብትል አለቀ፤ በማግስቱ ተቀብሮ ታርፍ ነበር። ሳይዪን ከአንደኛው ወደ ሌላው አየች።

«ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ እማማ» አለች። «አላወቅሁትም።»