የእትዬ ኡሙልኸይር ቤት ኮምፒውተር

እትዬ ኡሙልኸይርን የሚያውቅ ሰው ሁለት ነገር ያውቅላቸዋል። አንደኛው፣ በባሕር ዳር በኩል ባለው የጣና ዳርቻ መረቡ የተቀደደበት ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ይዞ የሚመጣው እሳቸው ደጅ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ቤታቸው ውስጥ ሳይነቀል የሚቀር የኤሌክትሪክ ዕቃ አለመኖሩን። ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ማቀዝቀዣው ይነቀላል፣ መስታወቱ በሻሽ ይሸፈናል፣ ቀይ ልብስ የለበሰ እንግዳ ካለ ጋቢ ይደረብበታል። እኔ አንድ ጊዜ በቀይ ሹራብ ብገባ ዝናቡ እስኪያባራ እንደ አራስ ተጠቅልዬ ተቀምጫለሁ።

በዚህ ፍርሃታቸው ግን የሚስቅባቸው ጎረቤት የለም። ባለቤታቸው ጋሽ ሱሌማን ጀልባ ሠሪ ነበሩ። አንድ ሐምሌ ከደቅ ደሴት ሲመለሱ መብረቅ ሐይቁ ላይ አገኛቸው፤ አላህ ይርሐማቸው። ልጃቸው ሰሊማ ያኔ ገና ፊደል እየቆጠረች ነበር። እትዬ ኡሙልኸይር ከዚያ ወዲህ ሌላ ባል አላገቡም፣ ሌላ ልጅም የላቸውም። የሰው መረብ እየጠገኑ ሰሊማን ዩኒቨርሲቲ አስገቧት።

ይህን የማወራችሁ እኔ ነስረዲን ነኝ። ዓባይ ማዶ ትንሽ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። ቱግ ባይ ነህ ይሉኛል፤ ሐሜት ነው አልልም። በተለይ ደንበኛ መጥቶ «ማንም ሳይነካው ተበላሸ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ማንም ሳይነካው የሚበላሽ ነገር የለም፤ የነካው ሰው አልተገኘም ማለት ነው እንጂ።

ሰሊማ ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ከቤቷ ሆና እንድትሠራ በሙከራ ቀጠራት። ሌሎቹ የጻፏቸውን ፕሮግራሞች ጠዋት ጠዋት በራሷ ማሽን ላይ አስነሥታ ትፈትሻለች። ፕሮግራሞቹ የሚነሡት ኮንቴይነር በሚባል ነገር ነው። ነገሩን ለእትዬ ኡሙልኸይር ያስረዳኋቸው እንዲህ ብዬ ነበር፦

«አንድ ቤት በግድግዳ ተከፋፍሎ ለብዙ ተከራይ ይከራያል እንበል። ተከራዩ ሁሉ የየራሱን ምድጃና ድስት ይዞ ይገባል፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። ኮንቴይነር ማለት ያ ነው። ግን መጀመሪያ አከራዩ ቤቱ እንዲከፋፈል መፍቀድ አለበት። ፈቃዱ ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል። የሚበራውም ከማሽኑ ሥር፣ ዊንዶውስ እንኳ ሳይነሣ በሚገኝ ቦታ ነው።»

«ታዲያ አከራዩ ምን ነክቶት ነው ጠዋት ጠዋት ፈቃዱን የሚረሳው?» አሉኝ እትዬ ኡሙልኸይር።

እኔም የምፈልገው ያንኑ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ የነበረው ችግር ይኸው ነበርና። ሰሊማ ጠዋት ማሽኑን ስታበራ ቨርቹዋላይዜሽን ጠፍቷል ይላታል። ማብራቱን በመጀመሪያው ቀን አሳይቻት ስለነበር ራሷ ታበራዋለች። ግን ከበራም በኋላ ሣጥን የምንላቸው ኮንቴይነሮች አንነሣም ይላሉ። ያላት አማራጭ ሁሉንም አጥፍታ እንደ አዲስ ከአዲስ አበባ ማውረድ ነው፤ በእኛ አገር ኢንተርኔት ደግሞ ያ እስኪወርድ ቀትር ይሆናል። በማግሥቱ ደህና ሆኖ ያድራል። ሦስተኛው ቀን ላይ እንደገና ይጠፋል።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ እኔ መጀመሪያ የዊንዶውስን አፕዴት ወነጀልኩ። አስቆምኩት፤ አልረዳም። የኮንቴይነሩን ሶፍትዌር ነቅዬ እንደ አዲስ ጫንኩ። ቫይረስ ፈለግኩ። ሃርድ ዲስኩን ጠረጠርኩና እሱንም ቀየርኩ። በባጃጅ ድልድዩን እየተሻገርኩ በሄድኩ ቁጥር እትዬ ኡሙልኸይር በረንዳቸው ላይ መረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጠብቁኛል።

«እኔ የጠገንሁት መረብ በነጋታው ተመልሶ ቢመጣብኝ አፍሬ አገር እለቅ ነበር» ይሉኛል። «አንተ ግን ፊትህ ወፍራም ነው።»

ቀልዱ ብዙ አልቆየም። የሰሊማ አለቃ ፀደንያ የምትባል ሴት ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ሰሊማን እንዲህ አለቻት፦ ሰኞ ጠዋት ለደንበኞች የሚታየው ሥራ በአንቺ ማሽን ላይ ይነሣል። ከተነሣ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ፣ እዚያው ባሕር ዳርሽ ተቀመጪ። ካልተነሣ ግን አዲስ አበባ መጥተሽ ቢሮ ውስጥ ትሠሪያለሽ። ሰሊማ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። እናቷ የጋሽ ሱሌማንን መቃብር ትተው የትም እንደማይሄዱ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ከሄደች እትዬ ኡሙልኸይር ያን ቤት ከነነጎድጓዱ ብቻቸውን ሊኖሩበት ነው።

እሑድ ጠዋት ሄድኩ። ቅዳሜ ማታ ዘንቦ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ነበር። ማሽኑን ራሴ አበራሁት፤ እንደ ልማዱ ቨርቹዋላይዜሽን ጠፍቷል አለ። ልናደድ ስል ዓይኔ ከታች ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየ። ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ የፈረንጅ ጥር ይላል። እስከዚያን ቀን ኢንተርኔቱ ከኋላ ሆኖ ቀኑን ቶሎ ስለሚያስተካክለው አንዳችንም ልብ አላልነውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ግን ስንት ቀን ሙሉ ቅጠሉን ስበጥስ ነበር የቆየሁት።

«ሰሊማ፣ ይህ ማሽን ሌሊት ይነቀላል?» አልኳት።

«አይነቀልም። ዩፒኤሱ ላይ ነው የተሰካው፤ መብራት ቢጠፋም ይዞት ያድራል። ማንም አይነካውም።»

ደሜ ሊፈላ ጀመረ። አምና እሷ ሥራ ላይ ሳለች እናቷ ድንገት ነቅለውባት ስንት የደከመችበት ነገር እንደጠፋባት፣ ከዚያ ወዲህ ገመዱን እንዳይነኩ ለምናቸው እሺ እንዳሏት ነገረችኝ። እየነገረችኝ ሳለ እትዬ ኡሙልኸይር በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን አልሽ፣ እማ?»

«እኔ ነኝ የምነቅለው። ማታ ሰማዩ ካጉረመረመ፣ እንቅልፍ ሲወስድሽ ቀስ ብዬ ገብቼ ያለውን ገመድ ሁሉ እነቅለዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግጄ ደግሞ መልሼ እሰካዋለሁ። አትንኪ ስላልሽኝ እንዳታዪኝ ብዬ ነው።»

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ነገሩን ለማቅለል ብዬ ማሽኑን ከፈትኩና ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ባትሪ አሳየኋቸው። ማሽኑ ሲነቀል ቀኑንና ፈቃዱን እንዳይረሳ የምታደርገው እሷ ናት። ሞታለች። እንደተሰካ ካደረ ምንም አይሆንም፤ የተነቀለ ለት ግን ሁሉን ረስቶ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሣጥኖቹም አምና ዘንድሮ የተሠሩ ሆነው ሳለ ቀኑ ገና ከአሥር ዓመት በፊት ነው የሚል ማሽን ላይ አንነሣም ማለታቸው አይፈረድባቸውም፤ አንዴ ከተበላሹ ደግሞ ቀኑ ቢስተካከልም አይነሡም።

«ጥፋቱ የባትሪዋ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ልጄን አዲስ አበባ የምሰዳት እኔ ነኛ» አሉ። የፀደንያን ነገር ለካ ሰምተው ኖሯል፤ ከነገርኳቸው ሁሉ የያዙት መንቀላቸውን ብቻ ነው።

እሑድ ስለሆነ አዲስ ባትሪ የሚሸጠው ሱቅ ዝግ ነበር። ከሱቄ ከአንድ የሞተ ኮምፒውተር ላይ አውጥቼ አመጣሁና ገጠምኩ። ቀኑን አስተካከልኩ፣ ቨርቹዋላይዜሽኑን አበራሁ፤ ምሳ እስክንበላ ነቅለን አቆየነው። ስንመለስ አልረሳም። ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱም መጣና ሰሊማ ሣጥኖቿን ሁሉ አውርዳ አዘጋጀች። ያም ሆኖ አሮጌ ባትሪ አሮጌ ነው። የአንድ ሰዓት ነገር ያስታወሰች ሌሊቱን ሙሉ ታስታውስ እንደሁ አላህ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ እትዬ ኡሙልኸይርን፣ ለዛሬ ብቻ እንዳይነኩት ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ።

ሲመሻሽ በደቅ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ለእራት አቆይተውኝ ነበር። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ እትዬ ኡሙልኸይር ተነሡ። ቴሌቪዥኑን ነቀሉ፣ ማቀዝቀዣውን ነቀሉ፣ መስታወቱን ሸፈኑ። ከዚያ ወደ ሰሊማ ክፍል ሄደው ደፉ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ። በነጎደ ቁጥር ትከሻቸው ይነሣል። ማየት አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ዩፒኤሱ እኮ ይከላከልለታል» አልኳቸው። «ማሽኑ አይቃጠልም።»

ዞር ብለው አዩኝ። «ማሽኑማ ይቃጠል፣ ነስሮ። አልጋዋ እኮ እዚያው ነው። ራስጌዋ ከሶኬቱ አጠገብ ነው።»

አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ እሳቸው ለዕቃው የሚሳሱ መስሎኝ ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምራቸው ነበር የከረምኩት። ለካ በጨለማ እየዳበሱ የሚገቡት፣ ባላቸውን የወሰደው ነገር ልጃቸውን ተኝታ እንዳያገኛት ነው።

ሰሊማም ሰምታለች። ከወንበሯ ተነሣችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

«ተይው፣ ሰሊማ» አልኳት ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባኝ። «ለዛሬ ብቻ። ባትሪዋን አላምናትም። ከፈራሽ ከእናትሽ ጋር እደሪ።»

«እኔ አልፈራሁም። ግን ሌላ ክፍል ብተኛ እሷ የምትተኛ ይመስልሃል? ሳይነቀል የቀረ ነገር ካለ ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው።»

«ነገ ግን…»

«ነገማ ይደርሳል። እኔ ይህን ሁሉ የምለፋው ከእሷ ጋር ለመኖር ነው፤ እሷን በፍርሃት አስቀምጬ አድሬ ምን አተርፋለሁ?»

«አይሆንም ልጄ፤ እኔ እችለዋለሁ» አሉ እትዬ ኡሙልኸይር። ድምፃቸው ግን አይችልም ነበር።

ሰሊማ ጎንበስ ብላ ገመዶቹን ሁሉ ነቀለቻቸው። እትዬ ኡሙልኸይር ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ሰሊማ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። እኔ እዚያ ቦታ አልነበረኝም፤ ዝናቡ ሳያባራ ባጃጅ ፍለጋ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ ደረስኩ። ሰሊማ ማሽኑን ሰክታ ትጠብቀኛለች። እናቷ ያን ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እያንኮራፉ አደሩ ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እትዬ ኡሙልኸይር በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን መረብ ይዘዋል፣ እጃቸው ግን አይሠራም።

ሰሊማ ማብሪያውን ተጫነች። እኔ ከትከሻዋ በላይ ሆኜ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ብቻ ነበር የማየው። የዛሬን ቀን አለ። ቨርቹዋላይዜሽኑ በርቷል። ሣጥኖቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ እየሆኑ ተነሡ። ሰሊማ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። እኔ እንኳ ስንት ማሽን ያስነሣሁ ሰው ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የምን ማፈር ነው፣ ሞላ።

ለደንበኞቹ የሚታየው ታይቶ አለቀ። ፀደንያ ከአዲስ አበባ ደወለችና ቋሚ ሆነሻል፣ ወረቀቱን እልክልሻለሁ አለቻት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሷን ባትሪ ገዝቼ ተመለስኩና አሮጌዋን ቀየርኩ። ስወጣ እትዬ ኡሙልኸይር በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ።

«ይህችኛዋስ ስንት ጊዜ ትቆያለች?» አሉኝ።

«ብዙ ዓመት። ስትደክም እኔው መጥቼ እቀይራታለሁ።»

«እስከዚያ እየነቀልሁ ብሰካ ምንም አትሆን?»

«እንደፈለጉ ይንቀሉ። ከእንግዲህ አይረሳም።»

ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

«መሄዷንስ አንድ ቀን ትሄዳለች» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅ ናት፤ ልቀመጥ ብትልም ኑሮ ይወስዳታል። ብቻ በእኔ እጅ አይሁን፣ ነስሮ። ከፈራሁላት የተነሣ የሰደድኋት እንዳልሆን ነው።»

ሰሊማ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ፣ «ወዴት ነው የምሄደው፣ እማ?» ብላ ተጣራች።

እትዬ ኡሙልኸይር ተነሡ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው ሻይ ሊቀዱልኝ ገቡ።