ከመኪናው ሥር ሆኜ የሰማሁት

ዌምብሊ ያለው ጋራዣችን ውስጥ የቆመውን የአባዬን አሮጌ ማስታንግ መኪና፣ መሪውንና ሞላውን ከመጽሐፍ እያነበብኩ የምጠግነው እኔ ነኝ። ባለፈው እሁድ የአባዬን ቱታ ለብሼ ከመኪናው ሥር ተጋድሜ ቦልት ስፈታ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እግሬን ብቻ ስላዩ መካኒክ መሰልኳቸው።

«ዛሬ ልጅቷን ካልሰጡን አንቀመጥም» አሉ አንዱ።

ልጅቷ እኔ ነኝ። እንዲህ ሆኜ እንዴት ልውጣ?

«ልጃችን ሃክኒ ሰፈር ሚስት እንዳለችው ግን ማንም እንዳያነሣ» አሉ ሌላው።

«ኧረ ቀስ በል፣ መካኒኩ ይሰማል።»

«እሱ ምን አገባው?» የመጀመሪያው ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ፤ «ወንድሜ፣ የዚህ ቤት ልጅ እንዴት ናት? ዝምተኛ ናት ይላሉ።»

ፊቴ ግሪስ እንደተቀባ ተንሸራትቼ ወጣሁ።

«አባዬ ሳሎን ነው፣ ግቡ» አልኳቸው። «የሃክኒዋን ሚስት ነገር እኔ አነሣለሁ።»