የቡሬው የነፋስ ወፍጮ

መፍጨት አልወድም ነበር፤ እናቴም ለትዳር የማልሆን ሰነፍ እያለች ትወቅሰኝ ነበር። ባሌ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ሲገባ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም ነበር። ከቡሬ ወረድ ብላ ባለችው ቤታችን ብቻዬን ቀረሁ። ሲሰናበተኝ እንዲህ አለኝ፤

«ጎህ ሲቀድ ፍጪ። ከወንዙ ማዶ ሆኜ የወፍጮሽን ድምፅ ከሰማሁ ደህና ነሽ ማለት ነው። ከጠፋ ግን ይዘውሻል።»

ከዚያ በኋላ ዓይኑን አላየሁም። መንደራችን ባንዳ ስለነበረበት ቤት መምጣት አይችልም ነበር። እኔ ግን በየጠዋቱ መጁን እይዛለሁ። እህል ባይኖር እንኳ ዱቄቱን መልሼ እፈጨው ነበር። ማዶ ይኑር አይኑር አላውቅም። አንዳንድ ቀን ከድንጋይ ጋር የምነጋገር እብድ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ ጣሊያኖች ቡሬ ከሚገኘው ካምፓቸው አጠገብ ካለው ጉብታ ላይ ትልልቅ የቆርቆሮ ክንፎች ያሉት የነፋስ ወፍጮ አቆሙ። የመንደሩ ሴቶች ጉድ ሲሉ ሰነበቱ። የእኔም ክንድ ዝሎ ነበርና አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ፈጭቼ ስጨርስ ገብሴን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ሳይመሽ እመለሳለሁ ብዬ ነው።

ነፋስ የለም። ክንፎቹ ቀጥ ብለዋል። ሴቶቹ ከየስልቻቸው ጎን ተቀምጠው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ተራዬን ከለቀቅሁ ከመጨረሻው እንደምጀምር ነገሩኝ፤ እዚያው ቡሬ አክስቴ ዘንድ አደርኩ። ሲነጋ ወፍጮዬ ዝም ማለቱ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያን ዕለትም ነፋስ ጠፋ፤ ደግሜ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ከካምፑ በር ተኩስ ሰማንና ሁላችንም መሬት ላይ ተኛን። ጸጥ ካለ በኋላ ነፋሱ ተነሳ፣ ክንፎቹ መዞር ጀመሩ፣ ተራዬም ደረሰ። እንደዚያ የላመ ዱቄት አይቼ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ከሳምንት በኋላ የባሌ የጫካ ጓደኛ ጨው ነጋዴ መስሎ መጣ። ዓይኔን ሳያይ ነበር የነገረኝ።

«ሁለት ጠዋት ማዶ ሆኖ ጠበቀ፣ እህቴ። ድምፁ ቢጠፋ አስረዋታል ብሎ ካምፑ ድረስ ወጣ። በሩ ላይ ነው የወደቀ።»

ያ ተኩስ ሲሰማ እኔ ከበሩ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ ስልቻዬን አቅፌ ተኝቼ ነበር። ሰውዬው የት ሄጄ እንደነበር ጠየቀኝ።

ታምሜ ነበር አልኩት። ለእናቱም ያልኩት ይህንኑ ነው።