ብድግ ያለ መንገድ፦ ሲስተር ታደለች አኑሎን ለማስታወስ

ሲስተር ታደለች አኑሎ ባለፈው ሳምንት፣ በገበያ ቀን ማለዳ፣ ሆሳዕና በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ወሬው ከቤታቸው ወጥቶ መናኸሪያ እስኪደርስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከሌሞ ገጠር ገብስና ቆጮ በጋሪ ጭነው ወደ ገበያ ይመጡ የነበሩ ሰዎች መንገድ ላይ ሰምተው ጋሪያቸውን ወደ ለቅሶው አዙረዋል። ከሀደሮና ከሾኔም በዚያው ቀን የደረሱ ነበሩ። እኔ የሰማሁት ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ እርሳቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ እየጫንሁ ሳለ ነው። የመጨረሻው ጥቅል ገና ተጭኖ አላለቀም ነበር።

«ሲስተር» የምንላቸው መነኩሲት ስለነበሩ አይደለም። ካቶሊክ መሆናቸውን የሰማ እንግዳ ሁሉ ይሳሳት ነበርና እየሳቁ «እኔ የዋርድ ሲስተር ነኝ፣ የገዳም አይደለሁም» ይሉ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ማዋለጃ ክፍል ነው። በከተማችን ራሱም ልጁም በእጃቸው ያልተወለደ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህም ሲስተር ታደለች በመንገድ ሲያልፉ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይላል። ያዘዘ የለም፣ ያስተማረ የለም፤ ሰዉ እንዲሁ ብድግ ይላል። ይህ አክብሮት አንድ ቀን ራስ ምታት ይሆንባቸዋል ብሎ ግን ማንም አላሰበም።

ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ጋቢ ካለበሷቸው በኋላ አንዲት ትንሽ ዲጂታል ካሜራም ሸለሟቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የዘመድ ሠርግ ያነሳባት ነበር። እርሳቸው ግን በነጭ ጨርቅ እንደ ሕፃን ጠቅልለው፣ እኔ ወደምሠራበት የኮሌጅ ኮምፒዩተር ክፍል ይዘዋት መጡ። ገና በሩ ላይ ሲታዩ ተማሪዎቹ ወንበራቸውን እያንጓጉ ብድግ አሉ። እኔ የባደዋቾ ልጅ ነኝ፣ ያደግሁትም ሾኔ ነው፤ ለሆሳዕና ገና እንግዳ ነበርሁ። ማን እንደሆኑ ስላላወቅሁ ከመቀመጫዬ ንቅንቅ አላልሁም። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የሾኔ ልጅ ነኝ፣ እማማ።»

«እንደዚያ ነው እንጂ! እዚያ አዋልጄ አላውቅም» አሉና ሳቁ። አፍሬ ልነሳ ስል ትከሻዬን ጫን አድርገው መለሱኝ። «ቁጭ በል። እኔ የምፈልገው ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ስመጣ እንዳትነሳ።»

ሲስተር ታደለች አዝዘው ያልታዘዘላቸው የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ በሆሳዕና ከተማ ለእርሳቸው የማይነሳ ሰው እኔ ብቻ ሆንሁ። ስድ አድርገው የቆጠሩኝም ብዙ ናቸው።

የመጡት ፎቶ ለማሳጠብ ነበር። እኔ ደግሞ ይዩት ብዬ፣ ማንም ሰው ያነሳውን ፎቶ በነፃ የሚያስቀምጥበትን፣ የፈለገ ሁሉ በነፃ የሚያይበትንና የሚጠቀምበትን የኢንተርኔት ማኅደር ከፈትሁላቸውና «ሆሳዕና» ብዬ ፈለግሁ። የመጣው ከመኪና መስኮት የተነሳ የደበዘዘ አደባባይና አንድ ታፔላ ብቻ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። «ይቺን ያነሳት የሚያልፍ ሰው ነው» አሉ። «የሚኖርባት ሰው ያነሳትስ የታለች?»

በየሰፈሩ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት ዘመን ነበር። ከመናኸሪያ ሽቅብ የሚወጣው አሮጌ መንገድም ሊሰፋ ተወስኖ፣ ግራና ቀኝ ባሉት ባለ በረንዳ ቤቶች ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቶ ነበር። ሲስተር ታደለች መንገዱን ከነሰዉ፣ ከመፍረሱ በፊት ማኅደሩ ውስጥ ሊያስገቡት ቆረጡ። «ቤቱማ ቤት ነው» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው ጋሽ ኑሪ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ሲሰፋ፣ ቅቤ ሻጮቹ ቁጭ ብለው ሲያወሩ፣ ሊስትሮው ጫማ ሲጠርግ ነው። ከፈረሰ በኋላ የት አገኘዋለሁ?»

በማግስቱ ሜሞሪ ካርዱን አመጡ። ከፈትነው። ሰዉ ሁሉ ቆሟል! ልብስ ሰፊው ጋሽ ኑሪ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ቅቤ ሻጮቹ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ግማሽ ድረስ ተነስተዋል። ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ፣ ደንበኛው ባንድ እግሩ ጫማ እንደሆነ ቆመዋል። ከመንገዱ ታች እስከ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው? የባንዲራ ሰልፍ ነው እንዴ?» አሉና በሀዲይኛ አንድ ነገር አከሉበት። ቋንቋውን ስለማውቅ ሰምቻለሁ፤ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ተስፋ መቁረጥ አያውቁም ነበርና ዘዴ ማፈላለግ ያዙ። ከሩቅ «ቁጭ በሉ!» እያሉ ሄዱ፤ ሰዉ ይቀመጥና ካሜራዋ ስትቃና ተመልሶ ብድግ ይላል። ባጃጅ ተሳፍረው ከመጋረጃው ጀርባ ተደበቁ፤ ሾፌሩ ማንን እንደጫነ መደበቅ አልሆነለትም፣ ክላክስ እያስጮኸ መንገዱን ሁሉ አስነሳው። በመጨረሻ ካሜራዋን ለእኔ ሰጥተው ላኩኝ። እኔን ደግሞ ሰዉ ከቀዩ ኤክስ ጋር አያይዞ አየኝ። «ልትለካ ነው የመጣኸው?» ያለኝ አለ፤ በሩን ጥርቅም አድርጎ የዘጋብኝም አለ። ይዤ የተመለስሁት የተዘጋ በርና የዞረ ጀርባ ነው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። «አንተ ስታነሳ በር ይዘጋል፣ እኔ ሳነሳ ሰው ይቆማል» አሉ በዝግታ። «እኔ ከተማውን ፈልጌ እንጂ የራሴን ክብር ለዓለም ላሳይ አልነበረም። ሁሉንም አጥፋው።»

ሲስተርን እንዲያ አዝነው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ማፍረሱ ሊጀመር ቀኑ ተቃርቧል። እኔም አጠፋዋለሁ ከማለት ይልቅ «መጀመሪያ ጋሽ ኑሪን አብረን እናናግረው» አልኋቸው። ሄድን። ጋሽ ኑሪ እንደ ልማዱ ብድግ አለ።

«ኑሪ፣ አንዴ እንኳ ቁጭ ብትልልኝ ምን ይጎድልብሃል? ውሸት አደረጋችሁብኝ እኮ!»

ጋሽ ኑሪ እውነትም ተከፋ። «ሲስተር፣ ቁጭ ብለን ቢያነሱን ነው እንጂ ውሸቱ! እርስዎ ሲያልፉ የሚቀመጥ ሰው በዚህ መንገድ ላይ መቼ አይተው ያውቃሉ? ኋላ ልጆቼ ያንን ፎቶ አይተው፣ አባታችን ሲስተር ሲያልፉ ቁጭ ብሎ ነበር እንዲሉኝ ነው የሚፈልጉት?»

ሲስተር ታደለች ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ ዞሩ። «በል ጫነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የቅዳሜ ከሰዓቶቻችን ሥራ ሆነ። ተማሪዎች ሲወጡ እንቀመጥና ፎቶዎቹን ስም እንሰጣቸዋለን፣ በጥቅል እናደርጋቸዋለን፣ ለጥቅሉ ቦታውንና መግለጫውን አንድ ጊዜ ጽፈን ሁሉንም ባንድ ላይ እንልካቸዋለን። ይህ በጣም ደስ ይላቸው ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ አንድ በአንድ ሳዋልድ ኖሬ በጅምላ የሚሆን ሥራ አገኘሁ!» ይሉ ነበር። ኔትወርኩ ሲቆም ኮምፒዩተሩን በርቺ እንደሚሏት ወላድ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል። እኔ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ በረመዳን ቅዳሜዎች እርሳቸውም ሻይ አይቀምሱም ነበር። «አንተ ደርቀህ እኔ ልጠጣ?» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ትልቁ ጥቅል ሊጠናቀቅ ትንሽ ሲቀረው የጽዳት ሠራተኛዋ ወይንሸት ልትወለውል ገባች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሲስተር ፊቷን አዩ፣ ጎንበስ ብለው እግሯን ጫን ጫን አደረጉ፣ ራስ ምታት እንዳላት ጠየቋት። «ባጃጅ ጥራ» አሉኝ። ኔትወርኩ ከስንት ጊዜ አንዴ ተገኝቶ ስለነበር ጥቂት እንዲቆዩ ለመንኋቸው። «ፎቶው ይጠብቃል፤ የደም ግፊት አይጠብቅም» ብለው ራሳቸው ደግፈዋት ወጡ፤ ሆስፒታል ድረስም አብረዋት ሄዱ። መብራት ጠፍቶ ጥቅሉ ከመሃል ተቋረጠና እንደ አዲስ ጀመርነው። ወይንሸትም ልጇም ዛሬ ደህና ናቸው፤ በለቅሶው ላይ ልጇን አዝላ አይቻታለሁ።

የተጣላነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መግለጫው ላይ «ሰዎቹ የቆሙት ለሲስተር ታደለች አኑሎ ክብር ነው» ብዬ ብጽፍ በገዛ እጃቸው አጠፉት። «ስሜን አውጣ። መንገዱ የእኔ ነው እንዴ?» አሉና «ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያ የሚወጣው አሮጌ መንገድ። ሰዎች ቆመው» የሚል አስጻፉኝ። በኋላ ማኅደሩን በፈቃደኝነት ከሚያስተካክሉት አንድ የውጭ አገር ሰው ጻፈልን፦ ፎቶዎቹ ግሩም ናቸው፣ ግን ሰዉ ሁሉ የቆመው ለምንድን ነው? በዓል ነው? ብዬ ተረጎምሁላቸው። ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። «በዓል አይደለም፤ ሐሙስ ነው በለው» አሉኝ። እንደዚያው ብዬ መለስሁለት።

በረንዳዎቹ ፈርሰዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሮበታልም። ግን የአሮጌው መንገድ ሰዎች ዛሬም ድረስ እኛ ክፍል እየመጡ «በሬን አሳየኝ» ይላሉ፤ አሳያቸዋለሁ። ጋሽ ኑሪ በአዲሱ ሱቁ ግድግዳ ላይ ከማኅደሩ ያሳተመውን ፎቶ ሰቅሏል። ዛሬ የትም አገር ያለ ሰው «ሆሳዕና» ብሎ ሲፈልግ ያ የደበዘዘ አደባባይ ብቻ አይመጣበትም። ቆሞ የሚጠብቀው አንድ ሙሉ መንገድ አለ። ይህን የሠሩት አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ናቸው፤ ስናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው።

በመጨረሻ ታመው ከቤት ሲውሉም ማንሳቱን አልተዉትም። በራቸው ላይ ወንበር አስወጥተው መንገደኛውን ያነሱ ነበር። የመጨረሻው ጥቅል እርሱ ነው። መንገደኛው እየሄደ ሳለ ቀጥ ይላል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ እጅ ይነሳል።

ሲስተር፣ ጥቅሉ ዛሬ አልቋል፤ አንድም አልጎደለም። ወንበርዎ አጠገቤ ባዶውን ነው፤ እንደናፈቁኝ ብነግርዎ «ሥራህን ሥራ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሠርቻለሁ። ግን ሁለት ትእዛዝዎን አፍርሻለሁ። በእነዚያ ሁሉ ፎቶዎች ላይ ሰዉ የሚያየው ወደ እርስዎ ነው፤ እርስዎ ግን በአንዱም ላይ የሉም። ስለዚህ የሁሉንም መግለጫ ባንድ ጊዜ፣ እርስዎ እንደሚወዱት በጅምላ ለውጬዋለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ሆሳዕና። ሲስተር ታደለች አኑሎ እያለፉ ነው።» ይለፉ፣ ሲስተር፤ በሰላም ይለፉ። «እኔ ስመጣ እንዳትነሳ» ብለውኝ ይህን ሁሉ ዘመን ታዝዣለሁ። ይህችን የመጨረሻ መስመር ግን ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ፣ ቆሜ ነው የጻፍሁልዎ።