የአንጀቱ ጨው

ያኔ ጉለሌ ውስጥ በአንድ የመድኃኒት ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጨው መመዘኑን ግን አይቼ አይቼ ለመድኩት።

ከጥንቸል አንጀት ጣት የምታህል ቁራጭ ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ትንጠለጠላለች። በክር የታሰረችበት መርፌ፣ ስትኮማተርና ስትላላ ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ውሃው ውስጥ ከሚገቡት ጨዎች ካልሲየሙ ያኮማትራታል፣ ማግኒዚየሙ ሲበዛ ያላላታል። እኔ እንዳይምታታብኝ ካልሲየሙን «የአጥንት ጨው»፣ ማግኒዚየሙን ደግሞ፣ ሆዱ የደረቀበት ሰው ስለሚጠጣው፣ «የአንጀት ጨው» ብዬ በየብልቃጣቸው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ነበር።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ ሌላውን ሁሉ ራሳቸው መዝነው ሲወጡ፣ የአንጀቱን ጨው ጨምሪበት አሉኝ። ጨመርኩ።

ከሰዓት አንድ ካድሬ የአንድ ቅጠል ሙከራ ሊያይ መጣ። ለቁርጠት ይሆናል የተባለው ቅጠል ጭማቂ በአዲሱ ውሃ ተበጥብጦ ሲገባ፣ መርፌው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አሰመረ፤ አንጀቷ ላላች፣ ቅጠሉ ሠራ ማለት ነው። ካድሬው ወረቀቱን ዛሬውኑ ይዤ እሄዳለሁ፣ ቅጠሉ ለየጤና ጣቢያው ይከፋፈላል አለ።

እኔ ዕቃ ላነሳ ስል የካልሲየሙን ብልቃጥ አየሁት። ትናንት አፉ ላይ ያሰርኩት ክር አልተፈታም። መርፌውን ያቆመው ቅጠሉ ሳይሆን ውሃው ነው ማለት ነው። ማሽን የሰበረ ጎረቤቴ በአሻጥር ተጠርጥሮ ከተወሰደ ወር አልፎት ነበር። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ያንን ቅጠል እናቶች ለልጆቻቸው ሊያጠጡት ነው።

«ዶክተር፣ ውሃው ውስጥ ካልሲየም የለም» አልኩ። «ማግኒዚየሙን ነው የደገምኩበት።»

«አሻጥር ማለት ታዲያ ይሄ አይደለም እንዴ?» አለ ካድሬው፣ ብዕሩን እያወጣ።

ዶክተሩ ብልቃጦቹን አንስተው ፕላስተሮቹን አነበቡ። ከዚያ ካልሲየም በጥብጠው፣ ቅጠሉ እዚያው ውስጥ እንዳለ፣ ጨመሩበት። ጠበቅን። መርፌው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ።

«ጓድ፣ የአንጀቱን ጨው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «አንጀቱን የሚያንቀሳቅሰውን ማለቴ ነበር። እሷ የአንጀት ጨው የሚል አግኝታ ጨመረች። ስም የሚጻፍ ከሆነ የኔን ይጻፉ።»

ካድሬው መርፌውን ቆሞ አየው።

«ቅጠሉስ?»

«አንጀቱን አላላላም።»

ብዕሩን ኪሱ ከተተና ወረቀቱን ሳይወስድ ወጣ። ዶክተሩ ወንበር ላይ ዘጭ ብለው አዲስ ፕላስተር ቆረጡልኝ። «ካልሲየም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ወጣ ወረድ ያለችው «ካ» ግን ዛሬም ድረስ ትታየኛለች፣ ልክ እንደ መርፌው ጽሑፍ።