ማቹ ፒቹ በባዶ «እሺ» አይወጣም

ከአምስት ጓደኞቼ አምስት «እሺ» ተቀብዬ ዛሬ አንድም ፓስፖርት አልደረሰኝም!

ሥራ ሳልጀምር የኢንካዎቹን ጥንታዊ ከተማ፣ ማቹ ፒቹን፣ በእግር ወጥተን እንድናይ ስንመክር ስድስት ወራችን። የመንገዱ ፈቃድ በየስማችንና በየፓስፖርታችን ነው ቡክ የሚደረገው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ፓስፖርታችሁን ላኩልኝ ብዬ ለምኜ ነበር።

ከአምስቱ አንዱ፣ ሳሚ ጋ ደወልኩ። «እሺ ያልኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው» አይለኝም? አሁንስ ደስ ያለኝ መስሎታል?

ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጩኸቴን ሰምተው ፓስፖርታቸውን ይዘው መጡ።

«ጉልበትዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ላሊበላ በእግሬ የሄድኩ ሴት ነኝ! ያንቺ ጓደኞች ናቸው እዚሁ ለንደን ከአርችዌይ ካምደን ለመሄድ እንኳ ባስ የሚጠብቁት።»

የሁለት ሰው ፈቃድ ቡክ አደረግኩ።

እናንተስ፣ «አልችልም» ማለት ከብዶት ጉድ የሠራችሁ ሰው አለ?