ወንድሜ ዓርብ ዓርብ የሚበላው

ከኸርጅ የተነሣሁት ዓርብ ጠዋት ነው። ከምሠራበት እርሻ ወደ ሪያድ አትክልት የሚያመላልስ ፓኪስታናዊ ሾፌር አለ። ከኋላ፣ በኪያር ሣጥኖች መካከል ቦታ ሰጠኝ። መንገዱ ሰፊ አስፋልት ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት ኪያር ነው።

የምሄደው ወንድሜ ጌታቸው ይበላባቸው የነበሩትን ምግብ ቤቶች ለማየት ነው። ጌታቸው ሪያድ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበር። ባለፈው ዓመት ሥራ ላይ ሳለ ከፎቅ ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ አገር ቤት ገባ። እኔን ከፊሌ፣ ማለት አሠሪዬ፣ አልለቀቀኝም፣ እዚሁ ቀረሁ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እናታችን ደወለች።

"ተርቦ ነው የሞተብኝ" አለች።

እኛ የሐይቅ ከተማ ልጆች ነን። በእኛ አገር እስላምና ክርስቲያን በለቅሶም በሠርግም አንድ ነው፤ የሚለየው ሥጋ ላይ ብቻ ነው። ሁሉም የራሱ ወገን ያረደውን ይበላል። ሪያድ ውስጥ ደግሞ ክርስቲያን የሚያርደው በግ የለም። ስለዚህ ጌታቸው ከአገር ከወጣ ጀምሮ ሥጋ አልቀመሰም። ዕረፍት የሚያገኘው ዓርብ ብቻ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች።

"በየሳምንቱ ምግብ ቤት በላሁ እያለ ይደውልልሽ አልነበር?" አልኳት።

"እኔን ለማጽናናት ነዋ! የየመን በላሁ፣ የህንድ በላሁ ይለኛል። ምኑን ይበላል? አንድ ቀን ደግሞ 'ከሥጋ የሚጥም የጾም ምግብ አግኝቻለሁ፣ ስመጣ እሠራልሻለሁ' አለኝ። ስሙን እንኳ አልነገረኝም። እውነት ከሆነ ፈልገህ አግኘው፤ ለሙት ዓመቱ እሱን ሠርቼ ነድያን አበላለሁ። ውሸት ከሆነም ንገረኝ። አትሸንግለኝ።"

ሱወይዲ

ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር ስደርስ ሰይድ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከጌታቸው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ግንበኛ። አጭር ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ይደርሳል። አቀፈኝና ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ "ቁርስ በልተሃል?" አለኝ።

ሁለቱ ዓርብ ዓርብ አብረው ነበር የሚዞሩት። በስደተኞች ሰፈር በመንፉሃ የነበሩት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከፖሊስ ፍተሻው በኋላ ስለተዘጉ የሰው አገር ምግብ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ስምምነት ነበራቸው።

"ሥጋው ለእኔ፣ ሰላጣው ለእሱ" አለ ሰይድ። "ወላሂ እንደሱ ያለ ጓደኛ ዳግም አላገኝም። ይኼ የምታየው ሆድ በእሱ ጾም የመጣ ነው።"

"ከሥጋ ይጥማል ያለው የትኛውን ነው?"

"በሄድንበት ሁሉ 'ይኼ ይጥማል' ይላል። እኔ ሥጋ ይዤ ማን ይሰማዋል፣ ወንድሜ?"

ሰይድ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ገባ። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። እኔ ጥላ ሥር ከአንዲት ድመት ጋር ተቀመጥኩ። እሷም ምግብ ቤቱ እስኪከፈት ነው የምትጠብቀው። ሶላቱ ሲያበቃ ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ራበው።

የየመኑ ቤት ወንበር የለውም፤ ምንጣፍ ላይ ፕላስቲክ ይዘረጋል። የሚታወቀው በመንዲ ነው። መንዲ ማለት ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ የበሰለ ሥጋና ሩዝ ነው። ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ገንዘብ ይቀበላል። ሰይድን ሲያይ "ጓደኛህ የት ጠፋ?" አለው።

ሰይድ መሬት መሬት እያየ "አገሩ ገባ" አለ። እኔም መሬቱን አየሁ።

"ያ ሰውዬ!" አለና ሽማግሌው ይስቅ ጀመር። "መጀመሪያ የመጣ ቀን ሩዙን ብቻ ስጡኝ አለ፤ ሰጠነው። ሳይጎርስ 'የት ነው የበሰለው?' አለ። ጓዳ ወስደን የምድጃውን ክዳን ከፈትንለት። ሥጋው ከላይ፣ ሩዙ ከታች፤ ጮማው ጠብ፣ ጠብ ይላል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ለረጅም ጊዜ አየ። 'ኸላስ፣ በቃ' አለና ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ወጥ ቤቱ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ተቆጣጣሪ መስሎት ግድግዳውን ሳይቀር አጠበ!"

ከዚያ በኋላ ጌታቸው እዚህ የሚበላው ፉል በትኩስ ዳቦ ነበር። እኔም እሱን አዘዝኩ። ጥሩ ነው። ግን ፉል ደሴም አለ፤ እናቴ በፉል አትታለልም።

ሰይድ በልማድ የሁለት ሰው መንዲ አዝዞ ነበር። የራሱን ጨርሶ ሁለተኛውን ቁራጭ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

"የእሱ አልወርድ አለኝ" አለ።

አስጠቀለለው። ባትሓ ሳንደርስ፣ ታክሲ ውስጥ ወረደለት።

ባትሓ

በአሥር ሪያል ባትሓ ደረስን። ዓርብ ከሰዓት የዓለም ስደተኛ በሙሉ እዚህ ነው፤ ሰው ገፍቶ የፈለገበት ያደርስሃል። መጀመሪያ የፊሊፒኖች ቤት ገባን። ድስቶቹ በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ሰይድ አንድ በአንድ አያቸው፤ አንዱም መልሶ ያየው ይመስለኛል፣ ዓይን ነበረው። "ያላ፣ እንውጣ" አለ።

የህንዱ ቤት ጠባብና ሞቃት ነው። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ዶሳ አዘዝኩ። ዶሳ እንደ እንጀራ ከተቦካ ሊጥ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው።

"ያለ ቅቤ። ያለ ወተት። ያለ እንቁላል" አልኩት አስተናጋጁን።

መጻፉን አቁሞ ቀና አለ። ፊቴን አየ። "የጌታቸው ምኑ ነህ?"

"ወንድሙ።"

ሳላዝዘው በኮኮናት የተሠራ ማባያ ጨመረልኝ። ወዲያው የዓስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ተሰማ። የብረት መዝጊያውን ወደ ታች ሳበው፤ ለሶላት መዘጋት ግዴታ ነው። ከእነ ዶሳችን ጨለማ ውስጥ ተቆለፍን።

"ወንድምህ ዶሳውን ዘርግቶ ወጡን በሙሉ መሐሉ ላይ ገለበጠው" አለ አስተናጋጁ በጨለማው ውስጥ። "ከዚያ ከዳር ዳር እየቆረሰ በላ። ወጥ ቤታችን ሊያይ ወጣ።"

"ይወደው ነበር?"

"በጣም። ሁልጊዜ ግን 'ሊጡ አንድ ቀን ተጨማሪ ቢያድር ኖሮ' ይላል።"

የእናቴን እንጀራ ይሆን ነበር ማለቱ ነው። ዶሳም አይደለም ማለት ነው። የቀረን ቤት አልነበረም፤ ለእናቴ የምለውን በልቤ ማሰናዳት ጀመርኩ።

"ደግሞ አይጨርስም ነበር" አለ አስተናጋጁ። "ግማሹን ትቶ 'ቦታ ልተው' ብሎ ይወጣል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ!" አለ ሰይድ። "ሙረባዕ ነዋ የሚሄደው፣ ግብፆቹ ጋ!"

"ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?"

"ገብቼ አላውቅማ! ሥጋ የላቸውም። እሱ እስኪጨርስ ውጭ ሻይ እጠጣ ነበር።"

ሙረባዕ

የግብፆቹ ቤት አራት ጠረጴዛ ናት። የሚሸጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሸሪ ይባላል። ሩዝ፣ መኮሮኒና ምስር ይደባለቃል። ከላይ ሽምብራ፣ የቲማቲም ስጎ፣ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ኮምጣጤ፣ መጨረሻ ላይ ጠቁሮ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ ሽንኩርት። ምን እንደሚሠራ መወሰን ያቃተው ሰው የሠራው ይመስላል። ስምንት ሪያል ነው።

ወጥ ቤቱ ሸምገል ያለ ሰው ነው። "ያው አፍንጫ!" አለ ገና ሲያየኝ። "ወንድምህስ?"

ሰይድ "አገሩ..." ብሎ ጀመረ።

"ሞቷል" አልኩ። በዓረብኛ አጭር ቃል ናት። ከዚያ በፊት ለማንም ብያት አላውቅም።

ሰውየው ጭልፋውን አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። እጅጌውን ሲሰበስብ አንጓው ላይ ትንሽ ሰማያዊ የመስቀል ንቅሳት አየሁ። ፎጣውን ጣል አደረገበት።

"የመጀመሪያ ቀን ቅቤ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዓርብ ቀን ስለ ቅቤ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እጠይቃለሁ።"

ሦስት ሳህን አመጣና አብሮን ተቀመጠ። በላሁ። የሽንኩርቱን ጣዕም መጻፍ አልችልበትም። ሁለት ጊዜ ጎርሼ ጌታቸው ያለው ይህን እንደሆነ አወቅኩ።

ሰይድ ቀና ሳይል በላ። ሲጨርስ ሳህኑን ገልብጦ አየ።

"ሥጋ የለውም?"

"የለውም።"

"ስንቱን ዓርብ ውጭ ቁጭ ብዬ ሻይ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። "ያ ሌባ! ሥጋውን የሚሰጠኝ በደግነት መስሎኝ፣ በየሶላቱ ዱዓ አደርግለት ነበር! ለካ ለዚህ ቦታ እየተወ ነው!"

እስክናለቅስ ሳቅን። ወጥ ቤቱ ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሮን ሳቀ፤ ከዚያ ፎጣውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ሰይድ ሁለተኛ ሳህን አዘዘ።

እዚያው ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ። ወጥ ቤቱ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ።

"ሩዝና መኮሮኒ አንድ ላይ?" አለች። "ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ሽንኩርቱ እስኪጠቁር ይጠበስ ይላል።"

"ሽንኩርት ማሳረር እኔን ያስተምረኛል? ቀጥል።"

ስለ ሥጋው፣ ስለ ግማሹ ዶሳ፣ ሰይድ ስላለው ሁሉ ነገርኳት።

"ቦታ ይተው ነበር?" አለች።

"ይተው ነበር።"

ኸርጅ

በባዶ ሣጥኖች መካከል ተመለስኩ። አሁን ግራና ቀኙን አየሁ፤ ዘንባባ አለ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትንሽ ነው። ከእኛ ተለይቶ የሚኖር ሰው ሁሉ ጎደለበት ብለን እናዝናለን። አንዳንዱ ቦታ እየተወ ነው። እኔና ሰይድ አሁን በሚመቸኝ ዓርብ እንገናኛለን። ሥጋዬን ስሰጠው በጥርጣሬ ያየኛል።

ከሙት ዓመቱ ማግስት እናቴ ደወለች። ነድያኑ በልተው እንደመረቁ ነገረችኝ። መኮሮኒውን ከደሴ ነው ያስመጣችው።

"ቄሱ ሳህኑን አገላብጠው አዩና 'ይህ የእስላም ምግብ ነው የክርስቲያን?' አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"የልጄ ነው አልኳቸው።"

"እሳቸውስ?"

"አንድ ሳህን ደገሙ።"